«ድናለች» ብለው የማይጽፉት ድሬሰር

የጋሽ ይመርን ሞት የነገረችኝ እህቴ ሀያት ናት። ስልኩን እንዳነሳሁ «ድሬሰሩ አረፉ» አለችኝ። ክፉኛ ደነገጥሁ፤ ከአፌ የወጣው ግን የሐዘን ቃል አልነበረም። «ያየሽው ነው የሰማሽው?» አልኋት።

ሀያት ሳቅ በተቀላቀለበት ልቅሶ፣ «አንቺም እንደሳቸው ሆንሽ» አለችኝ። ቀብራቸው ላይ ቆማለች፤ አይታለች።

ጥያቄው የእሳቸው ነበር። ከመካነ ሰላም ጤና ጣቢያ ደጅ የደረሰ ሰው ሁሉ ያውቀዋል። ጎረቤቴ ደም አስመለሳት ብሎ እየሮጠ ለመጣ ሰው እንኳ፣ ሳጥናቸውን አንስተው እየተከተሉት ነው የሚጠይቁት፦ «ያየኸው ነው የሰማኸው?»

አጭር፣ ቀጭን፣ ሲራመዱ ኮቴያቸው የማይሰማ ሰው ነበሩ። በቀድሞው ጦር ቁስለኛ የሚያክም ድሬሰር ሆነው አገልግለዋል። መንግሥት ሲለወጥ እንደ ሌላው ወታደር ካምፕ ገብተው፣ ተጠይቀውና ተጣርተው ከወጡ በኋላ ነው ጤና ጣቢያው የቀጠራቸው። ሲጠረጠሩ ቆይተው መጠርጠር ተማሩ የሚል ሰው ነበር። አብሮ አደጎቻቸው ግን ከልጅነታቸውም እንዲሁ ነበሩ ይላሉ። የሙቀት መለኪያቸውን ስለማያምኑት በሽተኛውን ከለኩ በኋላ ጠራርገው ራሳቸውን ይለኩበታል። የጆሮ መመልከቻ መብራታቸውን ባትሪ ሰው እንዳይጨርስባቸው አውጥተው ኪሳቸው ውስጥ ይዘውት ይዞራሉ። በእኛ አገር እስላሙም ክርስቲያኑም የታመመ ሰው ሲያይ መጀመሪያ የሚለው «አብሽር»፣ አይዞህ፣ ነው። እሳቸው አይሉም። «ገና ሳላየው ምኑን ነው አብሽር የምለው?» ይላሉ።

አንድ ጊዜ የቀበሌ ስብሰባ ላይ፣ በቀበሌያችን ሽንት ቤት ያልቆፈረ ቤት የለም የሚል ሪፖርት ተነበበ። ቤቱ አጨበጨበ። ጋሽ ይመር እጃቸውን አወጡና «ማን ገብቶ አየ?» አሉ። በማግስቱ ለማብራሪያ ተጠሩ። ምን እንደተባሉ ለማንም አልተናገሩም። ለሥልጠና ወደ ደሴ ከሚላኩት ሰዎች መካከል ግን ስማቸው ከዚያ ወዲያ አልተጠራም።

እኔን ከእሳቸው ያገናኘኝ ቀኝ ጆሮዬ ነው። ያን ጊዜ ከጅዳ የሦስት ወር ፈቃድ ይዤ መጥቼ ነበር። ዘመድ ሁሉ የሚያውቀው የሰው ቤት ሠራተኛ መሆኔን ነው፤ እውነትም የሄድሁት ለዚያ ነበር። ማዳሜ ግን ባሕር የምትወድ ሴት ነበረች። አየር የታጨቀ ሲሊንደር በጀርባዋ አዝላ፣ በቱቦ እየተነፈሰች ከቀይ ባሕር ሥር ትዋኛለች። ይህ ብቻውን የሚሠራ ነገር አይደለም፤ ከጎን ሆኖ የሚጠብቅ ሌላ ጠላቂ ይፈልጋል። ባሏ ወንድ አብሯት እንዲወርድ ስላልፈቀደ ለእኔ አሠልጣኝ ቀጥራ አስተማረችኝ። ሁለት ዓመት አብረን ወረድን። ከዚያ ጆሮዬ መግል ይዞ ታምቡሩ ተበሳ። የጅዳው ሐኪም እስኪድን ድረስ ባሕር እንዳልገባ ከለከለኝ። ማዳምም «ቤተሰብሽን እይና ድነሽ ነይ» ብላ አሰናበተችኝ። የመመለሻ ቪዛዬ ቀን ካለፈ ግን መመለሴ በእሷ ፈቃድ ላይ ነው።

የመጀመሪያው ቀን ጋሽ ይመር ሰዓዳ እንድሪስ የሚለውን ካርዴን ከፊታቸው ዘርግተው ጠየቁኝ።

«ጆሮሽን ያመመሽ ምን ስትሠሪ ነው?»

«ባሕር ሥር ስዋኝ።»

ቀና ብለው አዩኝ። «ከወሎ ቦረና ወጥተሽ?»

«አዎ።»

«ባሕር ሥር?»

«አዎ፣ ጋሽ ይመር። ወላሂ።»

«መሐላውን ተዪው። ማን አየሽ?»

ስልኬን አውጥቼ ፎቶ አሳየኋቸው። ጥቁር የጎማ ልብስ ለብሻለሁ፣ ፊቴን መነጽር ሸፍኖታል፣ አፌ ውስጥ ቱቦ አለ። ስልኩን ወደ መስኮቱ ይዘው ሄደው ብዙ አዩት። መልሰው ሰጡኝና «ይህ ማንም ሰው ሊሆን ይችላል» አሉ።

ጆሮ ሲያዩ የሚጀምሩት ከደህናው ነው። ደህናውን ሳያውቁ የታመመውን ማወቅ አይቻልም ባይ ናቸው። ከዚያ ከኋላዬ ይቆሙና ግራውን በጣቴ አስደፍነው በቀኙ ያንሾካሹኩልኛል። የሚያንሾካሹኩት የከተማ ስም ነው። «ኩታበር» ይላሉ፤ የሰማሁትን እደግማለሁ። በየሰኞው እየሄድሁ ይህንኑ እናደርጋለን። ቀኝ ጆሮዬ ሲያስቸግረኝ መገመት ጀመርሁ። የሚጠሩት ከላላን፣ አቀስታንና ኩታበርን ስለሆነ ከሦስት አንዱ ይገጥማል። አንድ ሰኞ እንዲሁ ከኋላዬ ቆሙ። ትንፋሻቸው የመጣ መስሎኝ «ከላላ!» አልሁ።

ዞረው ከፊቴ መጡ። «ምንም አላልሁም» አሉኝ።

ፊቴ ጋለ። እሳቸው ግን አልተቆጡም። ተቀምጠው እስክሪብቷቸውን አነሱና ካርዱ ላይ ጻፉ። ምን እንደጻፉ ሳጮልቅ «ትዋሻለች» የሚል ነበር።

በስምንተኛው ሳምንት ቀዳዳው ተዘጋ። መብራቱን ጆሮዬ ውስጥ ይዘው ቆዩና «ተዘግቷል» አሉ።

«አልሃምዱሊላህ! ዳንሁ በሉኛ!»

«ተዘግቷል ነው ያልሁሽ። አፍንጫሽን ያዢና አፍሽን ዘግተሽ ንፊ።»

ነፋሁ። ግራው ቷ ብሎ ተከፈተ። ቀኙ ደነዘ።

«የግራው ታምቡር ሲንቀሳቀስ አይቻለሁ። የቀኙ አልተንቀሳቀሰም። ከጀርባው ውሃ ነገር ያለ ይመስለኛል። ገና ነሽ።»

ገና የሚለው ቃል ያን ሰሞን እንቅልፍ ይነሳኝ ነበር። ምክንያቱም ቤት ውስጥም አንድ ሰው ያንኑ ቃል ይፈልገው ነበር፤ አባቴ። በገበያው መንገድ ላይ ጨውና ሳሙና የሚሸጥ ትንሽ ሱቅ አለው። ጅዳ ምን እንደምሠራ ለመጀመሪያ ጊዜ የነገርሁት በዚያ ፈቃዴ ነው። አልጮኸም። «ከመሬት በላይ ሥራ ጠፍቶ ነው?» አለ። ከዚያን ቀን ጀምሮ የምበላውን፣ የምተኛውን፣ የምወጣ የምገባውን ይከታተላል። ከአቀስታ የመጣ አንድ ነጋዴ ሁለት ጊዜ ሱቁ ተቀምጦ አየሁት። እኔ ስገባ ወሬው ይቋረጣል። ለምን እንደመጣ ማንም አልነገረኝም፤ ሀያት ብቻ «ጥሩ ሰው ነው ይሉታል» አለችኝ፣ ዓይኔን ሳታይ።

አንድ ሐሙስ ጠዋት በጤና ጣቢያው አጥር ሳልፍ አባቴን ከጋሽ ይመር ክፍል ሲወጣ አየሁት። ታሞ እንዳልሆነ አውቃለሁ። ግራ ቀኝ አይቶ በጓሮው በር ወጣ። ቆሜ ቀረሁ። ነገሩ ሁሉ ገጠመልኝ፦ ገና ነሽ፣ አልተንቀሳቀሰም፣ ውሃ ነገር ያለ ይመስለኛል። የሌላውን ሁሉ ቃል የሚጠረጥሩት ሰውዬ ከአባቴ ጋር ተስማምተው እኔን ያስቀሩኛል።

ለማንም ሳልናገር በማግስቱ አውቶቡስ ይዤ ደሴ ወረድሁ። አንድ የግል ክሊኒክ ገባሁ። ሐኪሙ ወጣት ነው፣ ቸኩሏል። ጆሮዬን አየና «ቀዳዳ የለውም፣ መግል የለውም፣ ደርቋል» አለኝ። ስለ ባሕር አልጠየቀኝም፤ እኔም አላነሳሁበትም። ያየውን ጽፎ ማኅተም አደረገበት። ቅዳሜ ተመልሼ ወረቀቱን ጋሽ ይመር ጠረጴዛ ላይ አስቀመጥሁት።

መነጽራቸውን አድርገው ሁለት ጊዜ አነበቡት። ማኅተሙን በጣታቸው ዳሰሱት።

«ሐኪሙ አልዋሸም» አሉ። «ባሕር ግቢም አላለሽም።»

«እርስዎስ? አባቴ ምን አለዎት?»

ወረቀቱን አስቀመጡት። ይክዳሉ ብዬ ስጠብቅ፣ «እንድሪስ መጥተው ነበር» አሉኝ። «ቪዛዋ እስኪያልፍ ድረስ አልዳነችም ይበሉልኝ ብለው ለመኑኝ። አለቀሱ። አልዋሻትም፤ ስትድን ድነሻል እላታለሁ አልኋቸው። ተቀይመውኝ ሄዱ።» ትንሽ አሰቡና ጨመሩ፦ «ችግሩ ምን መሰለሽ? እውነትም አልዳንሽም።»

«አላምንዎትም!»

«ደግ አድርገሻል። እኔም ሰው አላምንም።» ተነሥተው በመስኮቱ ወደ ምዕራብ አዩ። «ባሕር ሥር ስትወርጂ ውሃው ጆሮሽን ይጫነዋል ብለሽኛል። ወደ ዓባይ ስንወርድ የእኔም ጆሮ ይደፈናል። አንድ ነገር ነው?»

«አንድ ነው። የባሕሩ እጅግ ይበልጣል እንጂ።»

«እንግዲያው ዓባይ እንውረድ።»

ወደ ዓባይ የሚወርደው መንገድ ያን ጊዜ ገና እየተሠራ ነበር። ማክሰኞ ጠዋት አሸዋ ሊጭን ከሚወርድ አይሱዙ ጋቢና ውስጥ ጎን ለጎን ተቀመጥን። ባዶ የውሃ ላስቲክ ጠርሙስ አስይዘውኛል፤ ክዳኑን መካነ ሰላም ላይ ራሳቸው አጥብቀው ዘግተውታል። ስለ ጫናው የነገርኋቸውን እንዳላመኑኝ ያወቅሁት ያኔ ነው። ብርዱ እየቀረ፣ ጠመዝማዛው እየበዛ፣ ሙቀቱ ከታች ሲመጣ ላስቲኩ እጄ ላይ ጎኑ መግባት ጀመረ። ጋሽ ይመር ወስደው አገላብጠው አዩት፣ ክዳኑን ፈተሹ፣ ሳይከፍቱ መለሱልኝ።

ከዚያ እኔን ማየት ጀመሩ።

አፍንጫዬን ይዤ ነፋሁ። ግራው ተከፈተ። ቀኙ እምቢ አለ። ዋጥሁ፣ አዛጋሁ፣ መንጋጋዬን አንቀሳቀስሁ። አንድ ሦስት ጥምዝ ከወረድን በኋላ ሕመሙ እንደ ወስፌ ገባ።

«ያማል?»

«አያምም።»

«ያማል?»

«አያምም አልሁ እኮ!» እንባዬ ጉንጬ ላይ ይወርድ ነበር።

«አቁም» አሉት ሾፌሩን። መንገዱ ዳር አውርደው ባትሪውን ከኪሳቸው አውጥተው ከተቱና ጆሮዬን አዩ። «ቀልቷል። ታምቡሩ ወደ ውስጥ ተስቧል።» ሾፌሩ የሚጭነው አሸዋ ስለሚጠብቀው ጥሎን ወረደ። ወደ ላይ የሚመለስ መኪና ልንጠብቅ ድንጋይ ላይ ተቀመጥን። ዓባይ ከሥራችን ርቆ ቡናማ ክር መስሎ ይታያል።

በልቤ አሰላሁት። ከመካነ ሰላም እስከዚያ ጥምዝ መውረድ ባሕር ውስጥ ከአንድ ሰው ቁመት ያንሳል። እኔና ማዳም የምንወርደው አሥር ቁመት ነው። እዚያ ታምቡር ቢቀደድ ቀዝቃዛው ውሃ ወደ ውስጥ ይገባል፤ ጭንቅላት ይዞራል፤ ላይና ታች ይጠፋል። አሠልጣኛችን ደጋግሞ ነግሮናል። ማዳምን እጠብቃለሁ ብዬ ወርጄ እሷንም ይዣት ልቀር እችል ነበር። ይህን እያወቅሁ ከአፌ የወጣው ግን ሌላ ነው።

«አባቴ ደስ ይበለው!» ብዬ ጮኽሁ።

ጋሽ ይመር ባትሪውን ወደ ኪሳቸው መለሱ። «አባትሽ ስለፈለጉት ብቻ ውሸት አይሆንም» አሉኝ። ከዚያ ሳልጠይቃቸው ስለ ጦሩ ነገሩኝ። «ወታደር ግንባር ላለመሄድ ጆሮው ውስጥ የቅንጭብ ወተት ይጨምር ነበር። የታመመ መስሎ የሚመጣውን ስፈራ ኖርሁ። ኋላ ግን የዳነ መስሎ የሚመጣው ባሰብኝ። አንድ ልጅ ከጓደኞቼ አልለይም ብሎ፣ ደህና ነኝ ብሎ ምሎ፣ እኔም ድኗል ብዬ ጽፌ ላክሁት። መኪና ከኋላው ሲመጣ አልሰማም።»

ወደ ላይ የሚወጣ መኪና አግኝተን ስንመለስ፣ ከፍታው እየጨመረ ሲሄድ የጆሮዬ ሕመም ለቀቀኝ።

በማግስቱ ለማዳም ደውዬ ገና መሆኔን ነገርኋት። ሳቀች፤ ደግ ሳቅ አልነበረም። «የት ቤት ተቀጠርሽ?» አለችኝ። ሌላ አሠሪ አግኝቼ የምዋሻት መሰላት። ቪዛዬ ቤት ተቀምጬ አለፈ። የአቀስታው ነጋዴ ሦስተኛ ጊዜ መጣ፤ አባቴ ያን ዕለት ስገባ ወሬውን አላቋረጠም። ባል አልፈልግም አልሁት አባቴን በሰው ፊት። አንድ ሳምንት አልተነጋገርንም።

በአሥራ ስድስተኛው ሳምንት ጋሽ ይመር «ተንቀሳቀሰ» አሉኝ። እንደገና ዓባይ ወረድን። በየጥምዙ ነፋሁ፤ ቀኙ በየጥምዙ ቷ አለ። ታች ደርሰን ከመኪና ስንወርድ ላስቲኩ ከሁለቱም ጎኑ ተጨማዶ ነበር፤ እኔን ግን ምንም አላመመኝም። ልስማቸው ፈለግሁ። ጆሮዬን አይተው ባትሪውን አወጡና «በሳምንቱ ደግሞ እንመጣለን» አሉኝ። በሳምንቱም ወረድን።

ከዚያ ጻፉልኝ። ድናለች አይልም። «ሦስት ጊዜ ወደ ዓባይ ይዣት ወርጃለሁ። በመጀመሪያው አልቻለችም። በሁለተኛውና በሦስተኛው ቀኝ ጆሮዋ ያለ ሕመም ተከፍቷል። ዛሬ ያየሁት ይህን ነው። ባሕሩን አላውቀውም፤ ስትገባ ቀስ ትበል፤ ካመማት ትውጣ» ይላል። የመድረሳው ኡስታዝ ወደ ዐረብኛ ገለበጠልኝ፤ ሁለቱንም ፎቶ አንስቼ ለማዳም ላክሁ። በአራተኛው ቀን ደወለች። «ይህን የጻፈው ሰው ዘመድሽ አይደለም» አለች፤ «ዘመድ እንዲህ ቆጥቦ አይጽፍልሽም።» አዲስ ቪዛ ላከችልኝ።

አባቴ ይህን ሲሰማ ጤና ጣቢያ ድረስ ሄደ። ተከትዬው ሄድሁ።

«ድናለች ነው የሚሉኝ?» አላቸው በሩ ላይ ቆሞ።

«ዛሬ ደህና ናት።»

«አንድ ወር ቢያቆዩልኝ ምን ነበረበት? የሰው ልጅ ባሕር ሲበላት እርስዎ ምን ያደርግልዎታል?»

«እሷን ያቆያት ጆሮዋ ነው እንጂ እኔ አይደለሁም፣ እንድሪስ።»

አባቴ ፊቱን አዙሮ ሄደ። ሃያ ዓመት በረመዳንም በፋሲካም የተጠያየቁ ሰዎች ናቸው። ከዚያ ቀን በኋላ በመንገድ ሲገናኙ አባቴ ወደ ማዶ ይሻገር እንደነበር ሀያት ትነግረኛለች። ጋሽ ይመር ከሩቅ እጃቸውን ያነሳሉ፤ አባቴ አያነሳም። ሁለት ዓመት ሙሉ እንዲያ ሆነ።

እኔ ጅዳ ተመለስሁ። የመጀመሪያውን ቀን ገመድ ይዤ በየቁመቱ እየቆምሁ ወረድሁ፤ ማዳም እስክትሰለች ድረስ። ጆሮዬ ተከፈተ። ከዚያ ወዲህ አላስቸገረኝም።

በሁለተኛው ዓመት ማብቂያ አባቴ ሆዱን ታመመ። ደሴ ወስደውት በመድኃኒት ተመለሰ። ሊጠይቀው የመጣው ሰው ሁሉ «አብሽር፣ ኢንሻ አላህ ትድናለህ» ይለዋል። ዘመዱም፣ ደንበኛውም፣ ሐኪሙም። ሀያት እንደነገረችኝ አንድ ጠዋት ተነሥቶ ትራሱን ተደግፎ ተቀመጠና፣ «ይመርን ጥሩልኝ» አለ። ጋሽ ይመር ያኔ ጡረታ ወጥተዋል። በእግራቸው መጡ። ሆዱን ዳሰሱት፣ ዓይኑን ገልብጠው አዩ፣ ያንኑ ጥያቄ በሦስት መንገድ ጠየቁት።

«እድናለሁ?» አላቸው አባቴ።

«አይመስለኝም፣ እንድሪስ።»

ሀያት ክፉ ቃል ልትናገራቸው ነበር። አባቴ ግን እጃቸውን ያዘ፤ ብዙ ጊዜ አልለቀቀም። «እንግዲያው ሰዓዳን ጥሩልኝ» አላቸው።

ጋሽ ይመር በሕይወታቸው አንድ ጊዜ ብቻ ደውለውልኛል። «ይመር ነኝ፣ ድሬሰሩ። አባትሽ ይፈልጉሻል። ሌሎቹ ይሻላቸዋል ይሉሻል፤ እኔ ግን ያየሁትን ነው የምነግርሽ። ፈጥነሽ ነይ።» በአራተኛው ቀን መካነ ሰላም ገባሁ። ሌሎቹን አምኜ ቢሆን በወሩ ነበር የምመጣው።

አባቴ ከዚያ በኋላ ዘጠኝ ቀን ቆየ። አንድ ከሰዓት በኋላ ጋሽ ይመር አልጋው ጫፍ ላይ ተቀምጠው የእጁን ትርታ ይዘው ነበር። አባቴ ዓይኑን ሳይከፍት፣ «ከታች ምን አለ?» አለኝ። መጀመሪያ አልገባኝም።

«ከባሕሩ ሥር። ነግረሽኝ አታውቂም።»

ነገርሁት። መጀመሪያ ሰማያዊው ከላይ እንዴት እንደሚዘጋ፣ የራስህን ትንፋሽ ብቻ እንዴት እንደምትሰማ። ዓሦቹ ሰው እንዳልመጣ ሁሉ በአጠገብህ እንዴት እንደሚያልፉ። ድንጋይ የመሰሉት ነገሮች ነፍስ ያላቸው መሆናቸውን፣ ዝቅ ባልህ ቁጥር ቀዩ ቀለም ቀድሞ እንደሚጠፋ። ፊቱ ተፈታ፤ እጁ አንሶላው ላይ ረጋ። የተኛ መሰለኝና ድምፄን ዝቅ አድርጌ አቆምሁ።

ጋሽ ይመር ጣታቸውን ከትርታው ላይ ሳያነሱ ቀና ብለው አዩኝ።

«ቀጥዪ» አሉኝ። «እየሰሙ ነው።»